ኤሲ ለድሮ መኪና፦ የቆጡን ሲያወርዱ የብብትን እንዳይጥሉ

ጂንካ በጠዋት ቀዝቀዝ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ በከተማዋ ውስጥ ብቻ ለሚመላለስ መኪና ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል የሚል ሰው አይገኝም። ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ወደ ቆላ ሲዞር ነው። ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ እየከበደ ይሄዳል፤ መስኮት ይከፈታል። በተከፈተው መስኮት አቧራው ይገባል። ዝቅ ሲሉ ደግሞ ከብትን በገንዲ በሽታ የሚጨርሰው የቆላ ዝንብ ይቀበላል። ይህ ዝንብ የሚንቀሳቀስን ነገር የሚከተል ስለሆነ ከመኪና ጎን እየበረረ ይገባል፣ ይነክሳልም። ስለዚህ መስኮቱ ተመልሶ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመኪናው ውስጥ ምድጃ ይሆናል።

ይህን ጉዞ አንድ ጊዜ የቀመሰ ቱሪስት ለሚቀጥለው መንገድ መኪና ሲከራይ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ወይም ስለ ጎማው አይደለም። "ኤሲ አለው ወይ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ለጎብኚው የምቾት ጉዳይ ነው። ለባለንብረቱ ግን የገበያ ጉዳይ ነው። በተለይ መኪናው አሮጌ፣ ነገር ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተነካካ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር ከሆነ ባለቤቱ ሁለት ሐሳብ ይገጥመዋል። ኤሲ ካላስገባ ኪራዩን ያጣል፤ ዳሽቦርዱን አስቀድዶ ካስገባ ደግሞ መኪናውን ከብዙዎቹ የለየውን ነገር ያጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል የሚል ነው። ማስታረቂያው ግን አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። ይኸውም የሚጨመረው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ተፈትቶ ሊወጣ የሚችል መሆን አለበት። በቡሎን የታሰረ ይፈታል፤ በላሜራ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን እንደ ፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አሮጌው መኪና ለምን ተወደደ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የድሮው መኪና ተሸጦ፣ ጥቂት ገንዘብ ተጨምሮበት፣ ከፋብሪካ ኤሲ ይዞ የመጣ መኪና ይገዛ ነበር። ይህ መንገድ ደረጃ በደረጃ ጠብቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚያድግ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ከዶላር አንጻር የነበረውን ዋጋ በእጅጉ አጣ። ውጤቱ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ አዲስ አይደለም። አዲስ አቅርቦት ሲመናመን በእጅ ያለው ንብረት ዋጋው ይወጣል።

የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል ቢባልም፣ ቻርጅ ማድረጊያ በየመንገዱ በማይገኝበትና የጥቁር አፈር ጭቃ መኪና በሚይዝበት ቆላ የድሮውን ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ገና አልተካውም። ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ አገር ዋጋ ያለው መኪና በመንገድ ላይ ሊጠገን የሚችል መኪና ነው። ከ1948 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠሩት የሲሪዝ ላንድሮቨሮች፣ በ1980 ሥራቸው ተጀምሮ በ1990 እ.ኤ.አ. ያበቃው ባለ 60 ሞዴል ላንድክሩዘሮች የሚወደዱትም በዚህ ነው።

እነዚህ መኪኖች ሌላም ማዕረግ አግኝተዋል። የጥንት ተሽከርካሪዎችን የሚመለከተውና በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ አንድን መኪና ታሪካዊ ለማለት ከሚጠይቃቸው ነጥቦች አንዱ ዕድሜው ቢያንስ 30 ዓመት መሆኑን ነው። በዚህ መለኪያ የመጨረሻው ባለ 60 ላንድክሩዘር እንኳን ድንበሩን አልፏል። ትናንት "የሥራ መኪና" ይባል የነበረው ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ዕቃ ሆኗል ማለት ነው።

ኦሪጅናልነት በሊብሬ አይጻፍም

በሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ ቀለምም አለ። "ያልተነካካ" የሚል ዓምድ ግን የለም። ስለዚህ ብዙ ባለንብረት ኦሪጅናልነትን እንደ ዋጋ አይቆጥረውም። የሚያውቅ ገዢ ግን ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለ ገዢ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ዳሽቦርዱን ከሥሩ ይመለከታል፤ ሞተሩን ከሾፌሩ በሚለየው ላሜራ ላይ አላግባብ የተበሳ ቀዳዳ፣ የተቆራረጠ ሽቦ፣ የብየዳ ጠባሳ ካለ ይፈልጋል። ዋጋ የሚቀንሰው እዚያ ነው።

ይህ ማለት ግን የድሮ መኪና እንደ ቅርስ ተሸፍኖ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ፊቫ በ2012 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር የሚባለው ሰነድ፣ መኪናው በሥራ ላይ እንዲቆይ ሲባል የግድ የሚደረግ ለውጥ ቢኖር ጠባይ እንዲኖረው ይመክራል። የቀድሞውን አሠራርና መልክ ሳያጠፋ፣ በትንሹ፣ መልሶ ሊነሣ በሚችል መንገድ ይደረግ ይላል። የወጣውም ዕቃ ከመኪናው ጋር ተጠብቆ ይቀመጥ ነው ነገሩ። ይህ ምክር ለአውሮፓ ሰብሳቢ የተጻፈ ቢመስልም ለጂንካ ባለንብረት የበለጠ ይጠቅማል። ምክንያቱም የአውሮፓው ሰው መኪናውን የሚያየው በእሑድ ነው፤ የጂንካው ግን ልጆቹን የሚያሳድግበት ነው።

በነገራችን ላይ ኤሲ ራሱ ለድሮ መኪና ባዕድ አይደለም። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከፋብሪካ የተገጠመ ማቀዝቀዣ ለገበያ ያቀረበው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዳሽቦርድ ሥር የሚንጠለጠሉ የኤሲ ሣጥኖች በመኪና ሻጮች እጅ ይገጠሙ ነበር። ስለዚህ በ1970ዎቹ ላንድሮቨር ዳሽቦርድ ሥር የተንጠለጠለ ሣጥን ቢታይ ለዘመኑ እንግዳ አይሆንም። እንግዳ የሚሆነው ዳሽቦርዱ ተቀድዶ የዛሬ ላስቲክ ሲለጠፍበት ነው።

ሒሳቡ ምን ይላል?

የኪራይ ዋጋ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ በብር ከማስላት በኪራይ ቀን ማስላት ይሻላል። አንባቢ የራሱን ቁጥር ሊያስገባበት ይችላል። ለምሳሌ ያህል እንበልና፣ ቀድዶ የሚገጥም ጋራዥ ሥራውን ከነዕቃው በ12 ቀን ኪራይ ዋጋ ይጨርሰዋል። ሳይበሳ፣ ማሰሪያ እያበጀ የሚገጥመው ደግሞ 15 ቀን ኪራይ ይጠይቃል። መኪናው ኤሲ በማግኘቱ የተጨማሪውን ነዳጅ ወጪ ቀንሰን በቀን የ15 በመቶ ጭማሪ ያገኛል እንበል። የመጀመሪያው ወጪውን የሚመልሰው በ80 የሥራ ቀን ነው፤ ሁለተኛው በ100። መኪናው በዓመት 60 ቀን ቢሠራ አንደኛው በ16 ወር፣ ሁለተኛው በ20 ወር ይመለሳል።

እንግዲህ ኦሪጅናልነትን የመጠበቅ ዋጋው በዚህ ስሌት 4 ወር ነው። ለ4 ወር ትዕግሥት ሲባል መኪናው ዕድሜ ልኩን የሚይዘው ዋጋ አብሮ ይጠበቃል። በዚህ ላይ መኪናው ሲሸጥ ባለቤቱ ለሁለት ዓይነት ገዢ ያቀርበዋል። ኤሲ የሚፈልግ ከነኤሲው ይወስዳል፤ ያልተነካካ የሚፈልግ ተፈትቶለት ይወስዳል። የተቀደደው መኪና ያለው አንድ ገዢ ብቻ ነው።

ስሌቱ የሚፈርሰው የሥራ ቀኑ ሲቀንስ ነው። ይህን ደግሞ የደቡብ ኦሞ ሰው በሚገባ ያውቀዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ገባ፤ በዚያው ዓመት የሰሜኑ ጦርነት ተነሣና ሁለት ዓመት ቆየ። ቱሪስት ሲቀር መኪናው ቆመ። በዓመት 20 ቀን ብቻ ለሚሠራ መኪና 100 የሥራ ቀን ማለት 5 ዓመት ነው። እንዲህ ላለው ባለንብረት ኤሲ ማስገባት ገንዘብን ላሜራ ሥር መቅበር ይሆንበታል። ወደ ኋላ የምንመለስባቸው ርካሽ ዘዴዎች ይበቁታል።

ሥራው ሲጀመር

የኤሲ ዋና ዋና ክፍሎች አራት ናቸው። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኮንደንሰር፣ ጋዙን የሚያሰፋው ቫልቭ፣ በውስጥ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር። አራቱም ቦታ ይፈልጋሉ። ቦታቸውን ከማየት በፊት ግን መኪናው ይህን ሸክም ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አንደኛው ጥያቄ ጉልበት ነው። የሲሪዝ ላንድሮቨር ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተር ያለው ጉልበት 70 ፈረስ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በጂንካ ከፍታ የሚቀረው ወደ 60 ይጠጋል። ኮምፕሬሰሩ ከዚህ ላይ 5 ፈረስ ቢወስድ ከወይጦ ሸለቆ ወደ ቀይ አፈር ሽቅብ ሲወጣ ሾፌሩ ይሰማዋል። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። በዳገት ላይ ኤሲውን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ በሾፌሩ እጅ ይሁን።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። በቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ላይ የነበረው ሲ40 የተባለው ዳይናሞ የሚያመነጨው 22 አምፔር ነው። የኮምፕሬሰሩ ክላች 4፣ የውስጡ ንፋስ መስጫ 10፣ የኮንደንሰሩ ቬንትሌተር 10 ቢፈልጉ ድምሩ 24 ነው። መብራቱ ሳይበራ ዳይናሞው ተሸነፈ ማለት ነው። ስለዚህ አልተርኔተር የግድ ነው። የድሮው ዳይናሞ ግን ለቁራሌው አይሰጥም፤ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከ1967 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ላንድሮቨር ከሆነ ደግሞ የባትሪው ፖዘቲቭ ከአካሉ ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ ይታይ። ይህን ያላየ ሠራተኛ አዲሱን አልተርኔተር በመጀመሪያው ደቂቃ ያቃጥላል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ኮንደንሰሩ የሚቀመጠው ከራዲያተሩ ፊት ስለሆነ የሚያስወጣው ሙቀት በቀጥታ ወደ ራዲያተሩ ይገባል። ራዲያተሩ በደለል ከተሞላ ኤሲ የገባ ዕለት ሞተሩ ይፈላል። ራዲያተሩን ማስፈተሽና ማሳጠብ ከኤሲው በፊት የሚደረግ ወጪ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ቦታው እንመጣለን። ኮምፕሬሰሩ በሞተሩ ላይ በነበሩ የቡሎን ቀዳዳዎች በሚታሰር ማሰሪያ ይያዝ፤ ሞተሩ ላይ ብየዳ አይነካ። ኮንደንሰሩ በፊት ፍርግርጉ ጀርባ በቀጭን ማሰሪያ ይቁም። ኢቫፖሬተሩ ከዳሽቦርድ ሥር ይንጠልጠል። ቦታ ካልተገኘ በመቀመጫ ሥር ወይም በኋላ ክፍል ይሁን። የኤሌክትሪኩ ሽቦ ለብቻው፣ በራሱ ፊውዝና ሪሌይ ይሂድ እንጂ የመኪናው ሽቦ አይቆረጥ።

ቱቦዎቹ ወደ ውስጥ የሚገቡበት ቦታ ብዙ ጊዜ ለመብሳት ምክንያት ይሆናል። እዚህ ላይ ላንድሮቨር ለሚያውቀው ሰው መልስ አለው። ፋብሪካው ሞተሩን ከሾፌሩ የሚለየውን ላሜራ ሲሠራ ለቀኝ መሪም ለግራ መሪም እንዲሆን አድርጎ ነው። በግራ መሪ መኪና ላይ የቀኙ የፔዳል ቦታ በቡሎን በታሰረ ክዳን ተዘግቶ ይገኛል። ክዳኑ ይፈታል፤ በልኩ ሌላ ክዳን ከላሜራ ይቆረጣል፤ ቱቦው በአዲሱ ክዳን በኩል ያልፋል። የመጀመሪያው ክዳን ሳይነካ ይቀመጣል። ላንድክሩዘር ያለው ሰው ደግሞ ለዚያው ሞዴል በአማራጭ ይሸጥ የነበረውን የፋብሪካ ኤሲ ዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ ቢያፈላልግ ይሻለዋል። ከተገኘ፣ መኪናው ሲሠራ ሊያዝዘው ይችል የነበረውን ዕቃ ዘግይቶ አገኘ እንጂ ባዕድ ነገር ተጨመረበት አይባልም።

የጋዙ ነገር

ብዙ ባለንብረት የሚሸወደው በጋዙ ላይ ነው። የድሮ ኤሲዎች የሚሠሩት አር-12 በሚባለው ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ምርቱ እየቀነሰ ሄዶ በታዳጊ አገሮችም በ2010 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደርጓል። ምትኩ አር-134ኤ ነው። ነገር ግን አሮጌውን ኤሲ ሳያጥቡ አዲሱን ጋዝ መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው። የቀድሞው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፤ የቀድሞዎቹ የጎማ ቱቦዎችም ያሾልኩታል። ዘይቱ ይለወጥ፤ ጎሚኖቹና ቱቦዎቹ ይለወጡ፤ ማድረቂያው አዲስ ይሁን።

ሌላው ቫኩም ነው። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት። እርጥበት ከቀረ ቫልቩ ላይ በረዶ ይሠራል፤ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆም ብረቱን ይበላል። ስለዚህ ባለንብረቱ ጋራዥ ሲመርጥ ስለ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት "ቫኩም ፓምፕና ጌጅ አላችሁ?" ብሎ ይጠይቅ። የለንም ያለ ጋራዥ ማሰሪያውን ይሥራ፤ ጋዙን ግን ሌላ ይሙላ። በርካሽ የሚቀርብ የቡታ ዓይነት ጋዝ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ይቀጣጠላልም። ከመንገደኛ ጋር በአንድ ካቢን ውስጥ የሚሆን ነገር አይደለም።

ገጠማው ካለቀ በኋላም እንክብካቤ አለው። የቆመ ኤሲ ማሸጊያው ይደርቅና ጋዙ ያመልጣል። ሥራ በሌለበት ወቅት በሳምንት አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ማስነሣት በቂ ነው። ከማጎ የተመለሰ መኪና ደግሞ ኮንደንሰሩ ከአቧራ በውሃ ይታጠብ። ክንፎቹ እንዳይታጠፉ ውሃው ኃይለኛ አይሁን።

ኤሲ ሳይገባ የሚቀዘቅዝ መኪና

ቀደም ሲል ርካሽ ዘዴ ያልነው ይህ ነው። ላንድሮቨር በቆላ አገር ለመሸጥ ሲያስብ ፋብሪካው ራሱ ያዘጋጀው ማቀዝቀዣ ነበረው። ትሮፒካል ጣሪያ የሚባለው ሁለተኛ ጣሪያ ነው። ከዋናው ጣሪያ በላይ ክፍተት ተትቶ ይቀመጥና ፀሐዩን ይቀበላል፤ በመካከል አየር ያልፋል።  ከፊት መስታወቱ ሥር ያሉት የአየር መግቢያ ክዳኖችም የተሠሩት ለዚሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ዝገው ወይም በቀለም ተጣብቀው ይገኛሉ። እነሱን ማስከፈት፣ ወንፊት ማድረግ፣ ከእግር ሥር ባለው ላስቲክ ውስጥ የሞተሩን ሙቀት የሚከለክል ንጣፍ ማንጠፍ ከኤሲ ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ወጪ ነው። አንዳቸውም ኦሪጅናልነትን አይነኩም። ኤሲ ወደፊት ቢገባም የሚያቀዘቅዘው ሙቀት ስለሚቀንስለት ገንዘቡ አይባክንም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ንጣፉና ጣሪያው፣ ቀጥሎ ራዲያተሩና ኤሌክትሪኩ፣ በመጨረሻ የሥራ ቀኑ የሚበቃ ሆኖ ሲገኝ ኤሲው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆን ከጋራዡ ጋር ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በውሉም ላይ አንድ መስመር አይቅር፦ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በመኪናው ላይ ቀዳዳ አይበሳም፣ ብየዳ አይደረግም።

ከሥራው በፊት የዳሽቦርዱና የሞተሩ ክፍል ፎቶግራፍ ይነሣ። የሚወጣው ዕቃ ሁሉ፣ ዳይናሞውም ክዳኑም አሮጌው ቺንጋም፣ ስም ተጽፎበት በአንድ ሣጥን ይግባ። ደረሰኞቹም አብረው ይቀመጡ። ሣጥኑ ከአልጋ ሥር ለዓመታት አቧራ ሊጠጣ ይችላል፤ ለቤተሰቡም ቁርጥራጭ ብረት መስሎ ሊታይ ይችላል። መኪናው የሚሸጥ ዕለት ግን ገዢው ዋጋ ሲጠራ፣ ሣጥኑን ከፍቶ ያሳየ ባለንብረት የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።